በመስኮቱ ግርጌ የሚጻፈው ስም

ወረቀቱ የመጣው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ባለመስታወቷ ከእቶኑ ያወጣችውን ሰማያዊ ቁራጭ በጨርቅ እየጠራረገች ሳለ የካቴድራሉ ዘበኛ በሩን አንኳኩቶ ፖስታውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ውስጡ አንዲት ገጽ ናት። ከላይ የጀልባ ድርጅቱ ማኅተም፣ ከታች ፊርማ፣ መሐል ላይ ጥቂት መስመር ጽሑፍ፤ በመታሰቢያው መስኮት ግርጌ የሚጻፈው ስም የታላቅ ልጃችን ብቻ ይሁን፣ የሌሎቹ አሥር ሰዎች ይቅር፣ ሥራው ለእሑዱ ምረቃ ይድረስ የሚል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊርማውን ብቻ ነው ያየችው። ያንን ፊርማ ታውቀዋለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየሳምንቱ በደብዳቤ ግርጌ ያየችው፣ ሰው በሌለበት በጣቷ ጫፍ የተከተለችው ፊርማ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላልሰማ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነፋስ በበረታበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለአርባ ሰው የተሠራ ጀልባ ሰባ ሰው ጭኖ ከወደቡ ተነሳ። ሐይቁን ሳያጋምስ ተገለበጠ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የጀልባ ድርጅቱ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ ታላቅ ልጅ ነበር። ዋና ያውቅ ስለነበር አራት ሰው ተራ በተራ እየጎተተ የተገለበጠው ጀልባ ላይ አስይዞ፣ አምስተኛውን ላምጣ ብሎ እንደተመለሰ ቀረ። ሌላው ሟች ጀልባውን ይነዳ የነበረው ካፒቴን ነው። ካፒቴኑ ደግሞ የባለመስታወቷ አባት።

የምርመራው ውጤት ሲወጣ ጥፋቱ ሁሉ ካፒቴኑ ላይ ተደፋ። ነፋሱን ንቆ፣ ጭነቱን ሳያይ ተነሳ ተባለ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ እሱን መክሰስ ማንንም አያደክምም። ከዚያ ወዲህ የባለመስታወቷ እናት ገበያ የምትሄደው ሰው የሚያንስበትን ሰዓት መርጣ ሆነ። ሰላምታ የሚነፍጋት የለም፤ ሰላም ብለው ካለፉ በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ሴትዮዋን በሦስት ዓመት ውስጥ ያስረጃት።

ወይዘሮዋ ለልጃቸው መታሰቢያ የሚሆን ባለቀለም መስኮት በካቴድራሉ ደቡብ ግድግዳ ላይ ይሠራ ሲሉ፣ በከተማው ይህን የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷው። የካቴድራሉ አስተዳዳሪ አባ ሁለት ጊዜ መጥተው ለመኗት፣ ሁለት ጊዜም እምቢ አለች። በሦስተኛው የመጣው የወይዘሮዋ ታናሽ ልጅ ነው። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «የአሥራ አንዱም ስም ይጻፋል። ያባትሽም። ቃሌ ነው» አላት። ለዚያች ቃል ስትል እሺ አለች።

ታናሽየው ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሥራውን ልይ እያለ መምጣት ያዘ። መጀመሪያ እውነትም ሥራውን ነበር የሚያየው። እየቆየ ግን፣ ቀይ ቁራጭ ወደ ብርሃኑ አንስታ «ይሄ አልጠቆረም?» ስትለው፣ መስታወቱን ትቶ በመስታወቱ ውስጥ የሷን ፊት ሲያይ ትይዘው ጀመር። ቅዳሜ ሲደርስ ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ታበጥራለች፤ ከዚያ በማበጠሯ ተናዳ በሻሽ ትሸፍነዋለች። በሳምንቱ መሐል ደብዳቤ ይልካል። «የሐይቁ ሽታ የሚለቀኝ አንቺ ዘንድ ስቀመጥ ብቻ ነው» ብሎ ጽፎላት ያውቃል። እናቱ አያውቁም፣ እናቷም አታውቅም። ለማንስ ይነገራል? የባለጀልባዋ ልጅና የካፒቴኑ ልጅ ተዋደዱ ቢባል ከተማው ሳምንት ሙሉ እራቱን የሚበላው በዚያ ወሬ ነው።

አሁን ያ ፊርማ አባቷን ከመስኮቱ ላይ ፍቆ አወጣው። ብታለቅስ ይቀላት ነበር። እንባ ግን አልመጣላትም፤ ንዴቷ መንገድ አልሰጠውም።

*

ካቴድራሉ ከሥራ ክፍሏ ሩቅ አይደለም። ሽርጧን ሳታወልቅ ነው የወጣችው። መንገድ ላይ ያወቋት ሰላም አሏት፤ ለየትኛው እንደመለሰች ለየትኛው እንዳልመለሰች እሷም አታውቅም።

መስኮቱ ከግርጌው ካለችው አንዲት ክፍት ቦታ በቀር ተገጥሞ አልቋል። ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ከላይ ሰማዩ ጠቁሯል። መሐል ላይ ጌታ ማዕበሉን ረግጦ ጎንበስ ብሏል። ከሥሩ ጴጥሮስ እስከ ደረቱ ሰምጦ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ጌታ የያዘው ግን መዳፉን አይደለም፣ አንጓውን ነው። ሰው ከውሃ ሲወጣ መዳፉ አይያዝም፣ ያዳልጣል፤ የሚሰምጥ ሰው ጨብጦ የሚቆይበት ጉልበት የለውም። ይህን ያስተማራት አባቷ ነበር። የጴጥሮስ ፊት ወደ ጌታ ስለዞረ ከታች ለሚያየው ሰው የሚታየው ማጅራቱ ብቻ ነው።

ታናሽየው ከእንጨት መወጣጫው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ሰማያዊው ብርሃን ትከሻው ላይ ወርዷል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያይ ጠፋ።

«ይሄ ፊርማ የማነው?»

«ነይ፣ እዚያ ጋ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

«ቁጭ ማለት አላማረኝም። የማነው አልኩህ?»

«የኔ ነው።»

መንገዱን ሁሉ አንዲት ቀጭን ተስፋ ይዛ ነበር የመጣችው፤ አስመስለውብኝ ነው ይለኛል የምትል። ተበጠሰች።

«ማን አስገደደህ?»

«እናቴ። የካፒቴኑ ስም ከልጄ ስም ጎን ከተጻፈ ምረቃው ላይ አልገኝም አለች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አልጋዋ ላይ ሆና ስታየኝ ምን ላድርግ? የቀረኋት አንድ እኔ ነኝ።»

«እኔም የነበረኝ አባት አንድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ አፍህን ሞልተህ ቃል አትገባም ነበር። ይሄን ሁሉ ወር ጣቴን ስቆርጥ የከረምኩት ለማን ብዬ መሰለህ? እናቴ እዚህ ስትገባ ቀና ብላ የባሏን ስም እንድታነብ ነው። ሌላ ምን ጠየቅኩህ? ቤት ጠየቅኩህ? ቀለበት ጠየቅኩህ?»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ምረቃው ይለፍና ቀስ ብለን…»

«ቀስ ብለን ምን? ተደብቀን እንለጥፈዋለን?» ድምፅዋ ጣራው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። «እኔንም የያዝከኝ እንደዚሁ ነው። ቀስ ብለህ፣ ተደብቀህ። ስለኔ ለእናትህ አንድ ቀን ተናግረሃል?»

ዓይኑን ወደ መወጣጫው መለሰ።

«ዝምታህ ከፊርማህ ይብሳል» አለችው።

«ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ» አለ፣ ከንፈሩ እየደረቀ። «እባክሽ ስሚኝ።»

«ዘጠኝ ወር ሙሉ ጆሮ ነበረኝ። አሁን ሞልቷል።» ወረቀቱን አጥፋ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። «ለእናትህ ንገራቸው። ግርጌው ባዶውን ይቀራል። እሑድ ወፍ ይግባበት።»

ዞራ ወጣች። ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ፣ ያን ጊዜ እንኳ፣ ሰማያዊው ብርሃን ትከሻው ላይ እንዴት እንዳማረበት ማየቷ ነበር።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባ ወደ ካቴድራሉ አስጠሯት። ወይዘሮዋ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ፣ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ታናሽየው ከኋላቸው ቆሟል። አባ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስኮቱን ያያሉ።

«እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ስሙ እንኳ ይቆይ። መጀመሪያ የልጄ ፊት የታለ? ይሄን ያህል ጠብቄ የማየው ማጅራት ነው?»

«ጴጥሮስ ልጅዎ አይደለም። የሚሰምጥ ሰው ነው። ፊቱን ያዞርኩት ማንም ሰው እኔ ነኝ እንዲል ብዬ ነው።»

«ማንም አልሞተብኝም። የሞተብኝ ልጄ ነው።»

አባ ዞሩ። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፤ ሰው አቋርጧቸው አያውቅም። «ወይዘሮ፣ ሐውልት ቢሆን ኖሮ የምናየው ሰውየውን ነበር። መስኮት ሲሆን ግን በሰውየው አልፎ የሚመጣውን ብርሃን ነው። መስታወት የራሱ ብርሃን የለውም። ፀሐይ ስትጠልቅ መጥተው ቢያዩት፣ ቀዩም ሰማያዊውም ወርቁም አንድ ጥቁር ነው። እዚህ ቤት የሚደረግ መታሰቢያ ልጄ ጀግና ነበር ብሎ ለሰው መንገር አይደለም፤ ጌታ ሆይ፣ አንጓውን ያዝልኝ ብሎ መለመን ነው። ለአንዱ ለምነን ለአሥሩ ዝም ካልን፣ ልመናችን ጌታ እንዲሰማው ሳይሆን ጎረቤት እንዲያየው ነው።»

ወይዘሮዋ ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ አኖሩት። «ዘጠኙ ይጻፉ። አሁን አልከለክልም። ገዳዩ ግን ከገደለው ልጅ ጎን አይጻፍም።»

ባለመስታወቷ ደሟ ጆሮዋ ውስጥ ሲመታ ሰማችው። ሦስት ዓመት ከኋላዋ ሲባል የኖረውን ቃል ፊት ለፊት ያላት ሰው አልነበረም።

«አባቴ ገዳይ አይደለም።»

«ነፋሱን እያየ ማን ተነሳ አለው?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ላይ የኖረ ሰው ነው። የመስኮታችን መጋረጃ ሲላወስ አይቶ ነገ ይነፍሳል ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሰባ ሰው ጭኖ ወጀብ ውስጥ የሚገባው አብዶ ነው?»

«ስግብግብ ሆኖ ነዋ።»

«ለምኑ ብሎ ይስገበገባል? ጀልባው የሱ ነበር?» ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደች። «ልጅዎ አራት ሰው አውጥቷል። እኔ ስሙን ስጽፍ እጄ አይሰንፍም ነበር። እርስዎ ግን የራስዎን ሐዘን ለማሳመር የእናቴን ሐዘን አፈር ያለብሱታል። የእርስዎ ልጅ ሲሞት ከተማው አለቀሰ። አባቴ ሲሞት እናቴ ድምፅ አውጥታ ለማልቀስ እንኳ አፈረች።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን…»

«እማዬ፣ በቃ» አለ ታናሽየው።

ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ሦስቱም ዞሩ። ከወንበሩ ጀርባ ወጥቶ መሐላቸው ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ካፒቴኑ ቢሮ መጥቶ ነበር» አለ። ለእናቱ ይናገር እንጂ ዓይኑ ባለመስታወቷ ላይ ነው። «የዚያን ቀን። እኔ ነበርኩ ወንበሩ ላይ። ቆቡን አውልቆ፣ ‹ልጄ፣ ነፋሱ ደስ አይልም፤ ሰዉም በዝቷል፣ ግማሹን እናውርድ› አለኝ። ስልክ ደወልኩልሽ፣ እማዬ። ‹ይነሳ፤ እምቢ ካለ ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ይግባ› አልሽኝ። ያልሽውን እንዳለ ነገርኩት። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ወደ ጀልባው ሄደ። ወንድሜ ተሳፍሮ እንደነበር አላወቅኩም። ለምርመራ ሲጠሩኝ ካፒቴኑ ቢሮ አልመጣም አልኩ።»

አባ ወደ ኋላ ያጣመሩትን እጃቸውን ፈቱ።

«ነፋሱ እንዲህ መሆኑን መች ነገርከኝ?» አሉ ወይዘሮዋ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር።

«ነግሬሻለሁ፣ እማዬ።»

ከዘራው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሳውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን የበላውን ሰው ሲረግሙ የኖሩ እናት፣ እርግማኑ ዞሮ የገዛ በራቸውን ሲያንኳኳ ሰምተው ቁጭ አሉ።

ባለመስታወቷ ወደ ታናሽየው ቀረበች። ሊሸሽ አልሞከረም።

«ዘጠኝ ወር» አለች። «እዚያች ክፍል ተቀምጠህ፣ አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር እያልክ ትጠይቀኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ እነግርህ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም አለቀስክ። ያለቀስከው ለሱ ነበር ወይስ ለራስህ?»

«አላውቅም» አለ። «ማልኩልሽ፣ አላውቅም።»

«ስሜን ስትጠራኝ የሱን ልጅ እየጠራህ እንደነበር ታውቃለህ። እጄን ስትይዘኝም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ልነግርሽ እመጣና ስትስቂ አይሽና እተወዋለሁ።»

እጇን አነሳች። ልትመታው ነበር፤ ግን አየር ላይ መልሳው በቡጢ የራሷን ደረት መታች። ሦስት ዓመት ንዴቷ አድራሻ አልነበረውም፤ ለነፋሱ፣ ለሐይቁ፣ ለወረቀቱ ሲከፋፈል ኖሯል። ዛሬ ፊት አገኘ። ያም ፊት በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ማየት የምትወደው ፊት ሆነ።

አባ ቀስ ብለው ትከሻዋን ነኩ።

«ይቅር በይ ሊሉኝ ከሆነ፣ ዛሬ አይበሉኝ፣ አባ።»

«አልልሽም። መስኮትሽን እያየሁ ነው። ጌታ ጴጥሮስን አወጣው፣ ደግሞም ለምን ተጠራጠርክ ብሎ ገሠጸው። ተግሣጹን አላስቀረለትም። ግን እጁ ቀደመ፤ ሰው እየሰመጠ አይመከርም።»

«እኔ ጌታ አይደለሁም» አለች። «የካፒቴኑ ልጅ ነኝ።»

ይህን ስትል ነው እንባዋ የመጣው፤ ከሦስት ዓመት የዘገየ፣ የንዴት ያህል የሚያቃጥል እንባ።

*

ማታውን ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ደብዳቤዎቹንም፣ ቅዳሜዎቹንም። እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ማጣጠፏን አላቆመችም። «ቆቡን አወለቀለት?» ብላ ብቻ ጠየቀች። «አዎ።» «ለማንም አያወልቅም ነበር እኮ» አለች፣ ያጣጠፈችውን ልብስ ፊቷ ላይ ጭና ለረጅም ጊዜ ቆየች።

ቅዳሜ ጠዋት ከወይዘሮዋ ቤት ወረቀት መጣ። ማኅተም የለውም። በእጅ የተጻፈ አንድ ቃል ነው፤ «ይጻፉ»።

ባለመስታወቷ ለግርጌው ክፍት ቦታ የሚሆነውን ነጭ ቁራጭ ፊቷ አስቀምጣ ቡናማውን የመስታወት ቀለም በጠበጠች። እውነቱን ለመናገር፣ የታላቅየውን ስም ልትዘለው ዳድቷት ነበር። ብሩሹን አንስታ ቆየች። በከተማው ውስጥ በሱ ምክንያት ዛሬ የሚተነፍሱ አራት ሰዎች አሉ፤ ያን ከቁጣዋ ጋር መዘነችውና ጻፈችው። አሥራ አንዱን በፊደል ተራ ጻፈች፤ ማንም ከማንም እንዳይቀድም። የአባቷ ስም ሰባተኛ ላይ ወደቀ። እሱ ላይ ስትደርስ እጇ ጸና። ማታውን ቁራጩን በእቶኑ አግላ ግርጌው ላይ ገጠመችው።

እሑድ ካቴድራሉ ሞላ። ወይዘሮዋ ፊት ለፊት የተዘጋጀላቸውን ቦታ ትተው ከኋላ፣ ዓምዱ ሥር ተቀመጡ። ከጸሎቱ በፊት ታናሽየው ወጥቶ ቆመና ዓርብ ዕለት ያለውን ሁሉ ደገመው፤ ሳያስጌጥ፣ ራሱን ሳይከላከል። ሕዝቡ ውስጥ ማጉረምረም ሄደ። አንድ ሰው በቁጣ ተነስቶ ወጣ። ባለመስታወቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማችው። እያንዳንዷ ቃል ልክ ነበረች፤ እያንዳንዷም ሦስት ዓመት ዘግይታለች።

ከዚያ እናቷ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ቀና ብላ የባሏን ስም አነበበች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሁሉም እየሰማት፣ እንደገናም አነበበችው። ዓምዱ ሥር የነበሩት ወይዘሮ ያንን ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለቱ እናቶች አልተነጋገሩም።

ውጭ፣ ደረጃው ራስ ላይ፣ ታናሽየው ሲጠብቃት አገኘችው።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዎቹ ጋ እገባለሁ» አላት። «ምናልባት ቶሎ አልወጣም።»

«መግባት አለብህ።»

«ጠብቂኝ አልልሽም።»

«አትበለኝ።» ድምፅዋ ሻክሯል። «ፊትህን ሳይ አባቴ ቆቡን ሲያደርግ ነው የሚታየኝ። ይሄ ይለቀኝ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ዕድሜ ልኬን እናደድብሃለሁ።»

«ይገባኛል።»

«ዝም ብለህ ስማኝ። ከዚያ ሆነህ የምትጽፍ ከሆነ፣ ያቺን ቆንጆ ቆንጆ ቃል ተዋት። ምን ጠየቁህ፣ ምን መለስክ፣ እሱን ጻፍ፤ አንድም ሳታስቀር። አነበዋለሁ። እስካሁን የወደድኩት ግማሽህን ነው። ሌላውን ግማሽ ያወቅሁት ከትናንት ወዲያ ነው፤ እሱን ጠልቼ ሳልጨርስ ምንም እንዳትጠይቀኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊል ያሰበውን ዋጠው። ያን መዋጡን አየችለት፤ ባየችለትም ተናደደች።

እናቷ መጥታ ክንዷን ያዘቻት፣ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።

«ደጋግመሽ ወደ ኋላ ትዞሪያለሽ» አለች እናቷ።

«ተናድጄ ነው።»

«ተናደጂ፣ ልጄ። ሐቅሽ ነው።» ሁለት ደረጃ ወረደች። «ግን ወደ ፊትሽ እያየሽ ተናደጂ። ወደ ኋላ እየዞርሽ ትወድቂብኛለሽ።»